በእግር የመጣ ጤና

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ጠዋት ተነሥተው ጫማቸውን አጥብቀው፣ ማንም ሳይጠራቸው የሰው ደጅ ስለሚያንኳኩ ሰዎች ነው። ሐኪም ቤት ተቀምጦ የመጣውን በሽተኛ ማከም አንድ ሙያ ነው። ያልታመመውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዳይታመም መርዳት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የመጀመሪያውን አገር ያከብረዋል፤ ስለ ሁለተኛው ግን ብዙም አልተወራም። መነሻው ደንቢያ ነውና ከደንቢያ ልጀምር። የምጠራው ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ደንቢያን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎንደር ከተማ ቁልቁል ወርዳችሁ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁርና ለም ነው፤ ጤፍ ይሰጣል፣ ሽምብራ ይሰጣል። ክረምት ሲያልፍ ግን ያ ጥቁር አፈር የቋጠረው ውኃ እዚያው ይተኛል፣ ትንኙ ይፈላል፣ ንዳዱ ይነሣል። የደንቢያ ገበሬ ወባን ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃታል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ የተነሣችው ግን እንደ ወትሮዋ አልሆነችም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰው በሺዎች አለቀ። የወባ ወርና የአጨዳ ወር አንድ ነውና፣ ገበሬው ሲተኛ እህሉም ማሳ ላይ ይቀራል፤ ከበሽታው የተረፈውን ረኃብ ይጠብቀዋል።

ማን ይድረስለት? በዚያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የነበረው ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አብዛኛውም የውጭ አገር ሰው። የሚሠራውም ከተማ ነው። የራሳችን የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚህ ወደ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ደንቢያ ደግሞ ሐኪም ተምሮ እስኪወጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተቀየሰ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው የዕርዳታ ፕሮግራም ፖይንት ፎር ተጋግዘው ነው ያቆሙት።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር የሚያወጣው። አንደኛው ጤና መኮንን ነው፤ ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል። ሁለተኛዋ የማኅበረሰብ ነርስ ናት፤ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች፣ ታዋልዳለች፣ ልጅ ትከትባለች፣ ቦርሳዋን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሦስተኛው ሳኒቴሪያን ነው፤ የሚጠጣውን ምንጭ፣ የሚቆፈረውን ሽንት ቤት፣ የሚጣለውን ቆሻሻ ይመለከታል። ሦስቱ ከረዳት አስታማሚዎቹ ከድሬሰሮች ጋር ሆነው አንድ ጤና ጣቢያ ያቆማሉ፣ ጤና ጣቢያው 50,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ታቀደ። ተማሪዎቹ ገና ሳይመረቁ ሦስቱ ሙያ አንድ ላይ ተቧድኖ ገጠር ይወርዳል። ከመለማመጃዎቹ አንዱ እዚያው ደንቢያ ውስጥ ያለው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነበር።

የዚህ አሠራር ብልህነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ መኮንኑ ልጁን ያያል፣ ነርሷ እናቱን ታያለች፣ ሳኒቴሪያኑ ምንጩን ያያል። ማታ ሦስቱ ተገናኝተው ስለዚያው ልጅ ይነጋገራሉ። ልጁ ድኖ ወደዚያው ምንጭ ቢመለስ በሳምንቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ሦስቱም ያውቃሉ። የሕዝብ ጤና የሚባለውን ነገር ከዚህ አሳጥሮ የሚነግረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ስለ ነርስነት ከተነሣ አንድ ሰው ሳልጠራ አላልፍም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ተማረችና ነርስ ሆና ወጣች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ታነጥፋለች ብሎ በዚያ ዘመን ማን ያስብ ነበር! አገር ነጻ ሲወጣ ተመልሳ በደሴ ሆስፒታል አገለገለች። ዕድሜ ግን አልሰጣትም። አግብታ ነቀምት በሄደች በጥቂት ወራት፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ በእርግዝናዋ ምክንያት አረፈች። ገና 23 ዓመት አልሞላትም ነበር። ለነርስነት የተማረች የንጉሥ ልጅ እንኳ የዚያ ዘመን እናት ከምትሞትበት ሞት አላመለጠችም። በስሟ የተሠራውን ሆስፒታል የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ ጦር ኃይሎች ብሎ ይጠራዋል።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ኮሌጁ ምሩቃኑን ማውጣት እንደጀመረ በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከልክ በላይ ጣለ፣ ሙቀቱም ጨመረ። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ወባ ቆላውን ለቅቃ ወደ ወይና ደጋው ወጣች። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር፣ ወባን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ደሙ አልለመዳትምና ተጠራርጎ ወደቀ። በኋላ የተጠናው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ሞተ ይላል። እስቲ ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት። በስድስት በሰባት ወር ነው። ይህ ዕልቂት ካለፈ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ቆመ። ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች በጀርባቸው ታንክ አዝለው የአገሩን ጎጆ ሁሉ ገቡ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ "ወባ ማጥፊያዎች መጡ" ሲባል ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣ እንደነበር ይነግሯችኋል።

ቀጥሎ የመጣው የፈንጣጣ ዘመቻ ነው፤ እሱንም በአጭሩ ልበል። በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር የፈንጣጣ ሕመምተኛ የትም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ተመዘገበ። መኪና የማይገባበት አገር ስለሆነ ዘማቾቹ በእግርና በበቅሎ ሄዱ። እጃቸው ላይ የፈንጣጣ ልጅ ሥዕል ያለበት ካርድ ይይዛሉ፤ ገበያ መሐል፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እያሳዩ "እንዲህ ያለ ልጅ የት ዓይታችኋል?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ከጠቆማቸው በዚያ መንደር ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይከትባሉ። መርፌዋ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ናት፤ መድኃኒቱ ውስጥ ትነከርና ክንድ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ትወጋለች፣ አለቀ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። ያ ሁሉ ድል የተገኘው በእግር እየዞሩ ሰውን በመጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዘመቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። የረጩት ሰዎች ረጭተው ሄዱ፣ የከተቡትም ከትበው ሄዱ። የጎንደሮቹ ጤና መኮንንና ነርስ ቋሚ ናቸው፣ ደመወዝተኛ ናቸው፤ ግን ለ50,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ ያውም ብዙው አውራጃ ጤና ጣቢያው ሳይደርሰው፣ የሩቅ ቀበሌዋ እናት ነርሷን በዓመት አንዴ ብታያት ነው። ከዚያ ደግሞ የጤና መኮንን ሥልጠናው ራሱ በደርግ ዘመን ተቋረጠ፤ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ሊገባ ሲል፣ በሶቭየት ኅብረት አልማ አታ በምትባል ከተማ የ134 አገሮች መልእክተኞች ተሰብስበው "ጤና ለሁሉም" አሉ። መሠረቱ ሆስፒታል ሳይሆን መንደር ይሁን፣ ሕዝቡ ራሱ ይሳተፍ አሉ። እኛም አገር ከየገበሬ ማኅበሩ የጤና ወኪል ተመረጠ፣ የልምድ አዋላጆችም ሥልጠና ተሰጣቸው። ወኪሉ ጥቂት ወር ሠልጥኖ መድኃኒት ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ይህ እጅግ ደግ ሐሳብ ነበር። በመጨረሻ ቤቱ እዚያው መንደር የሆነ ሰው ተገኘ!

ግን ደመወዝ አልነበረውም። ማኅበሩ ይደግፈዋል፣ እርሻውን ያርስለታል ተብሎ ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ በሰኔ ማን የራሱን ትቶ የሰው እርሻ ያርሳል? የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው መጣ፣ የመድኃኒት ሳጥኑ ባዶ ሆነ፣ የሚጠይቀውም ጠፋ። ወኪሉ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። እኔ በእሱ አልፈርድም። ልጆቹን ማብላት ነበረበት። የምፈርደው ሥራውን ትልቅ፣ ሠሪውን ግን ትንሽ አድርጎ ባየው ዕቅድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ችግር፣ ረኃቡንና ጦርነቱን ታውቁታላችሁ፤ ዘልዬው በቀጥታ ወደ 1990ዎቹ አጋማሽ ልግባ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ብሎ ነበር። ከስድስት ልጅ አንድ ማለት ነው። የሚሞቱበትም በሽታ ተራ ነው፦ ሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባ፣ ኩፍኝ፣ በምግብ እጥረት የደከመ ሰውነት። ለእነዚህ ትልቅ ሐኪም አያስፈልግም። ቶሎ የሚደርስ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመለመሉ፣ አንድ ዓመት ሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። አንድ ቀበሌ 5,000 ሰው፣ ወደ 1,000 ቤት ነው ብላችሁ ብታስሉት ለአንዷ 500 ቤት ይደርሳታል። ሥራቸው 16 ፓኬጅ ተብሎ ተዘረዘረ፤ ከሽንት ቤት እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ። ከሥራ ጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ከቀበሌው ጤና ኬላ ወጥተው በየቤቱ እንዲያሳልፉ ታዘዙ። ከሁሉ በላይ ግን የመንግሥት ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ለእኔ የፕሮግራሙ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ለቤት መሄድ የጽድቅ ሥራ መባሉ ቀርቶ ሥራ ተባለ። በአምስት ዓመት ገደማ ከ30,000 በላይ ሆኑ።

አሁን ከእነሱ አንዷን እንከተል። ስም አልሰጣትም፤ እንደ እሷ ያለች በየቀበሌው አለችና። ጊዜው ጥቅምት ነው፣ ጤፉ ሊደርስ ብሎ ማሳው ወዝቷል። ደብተሯን፣ የክንድ መለኪያውን ጥብጣብ፣ የክትባት ሳጥኑን ይዛ ወጥታለች። ውሻው ጮኸ፣ እሷም ከአጥሩ ውጭ ቆማ "ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!" አለች። "ግቢ፣ ልጄ፣ ግቢ፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል" የሚል የአማት ድምፅ መጣ።

ገባች። ወጣቷ እናት ጥጉ ላይ ልጅ ታቅፋለች፤ ልጁ ሰባት ወሩ ነው፣ ይስላል። አማትየው "እንጥሉ ወርዶበታል፤ ነገ ወስደን እናስቆርጥለታለን" አሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ ብትሆን ትቆጣ ነበር። "ጎጂ ልማድ ነው" ብላ የተማረችውን ታነብላቸው ነበር፣ እሳቸውም አዎ አዎ ብለው አስተናግደው ሲያበቁ፣ ስትወጣ ያሰቡትን ያደርጉ ነበር። እሷ ግን ቡናዋን ተቀብላ ተቀመጠችና "እማማ፣ እስቲ ልጁን ከመውሰድዎ በፊት እኔና እርስዎ አብረን እንየው" አለች። ልብሱን ወደ ላይ ገለጠች። "ሆዱና ደረቱ ሲነሣ አብረን እንቁጠር። ጡት አትስጪው፣ ሲጠባ አይቆጠርም፤ ዝም ብሎ ይተኛ።"

ሰዓቷን ያዘች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም፤ የሕፃን ትንፋሽ እኩል አይሄድም። አማትየው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ቆጠሩ። 56 ሆነ። "ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ልጅ 50 ከደረሰ ሳንባው ታሟል ማለት ነው" አለች። "እንጥል ቢሆን ኖሮ ደረቱ እንዲህ አይቸኩልም ነበር። ቢቆረጥ ደም ይፈሰዋል፣ ሳንባው ግን እዚያው ነው።" አማትየው ዝም አሉ፣ ቆይተው "ታዲያ ምን ይሻለዋል?" አሉ። ይህች ጥያቄ ከተጠየቀች ልጁ ግማሽ መንገድ ድኗል።

የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ እንደማይሰረጉድ፣ እንደማያስመልሰው፣ መጥባት እንዳላቃተው አየች። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ነበር። አንዱም የለም። አሞክሲሲሊኑን በማንኪያ ላይ በታለበ ጡት ወተት አሟሟችና የመጀመሪያውን እዚያው ፊቷ እናቱ እንድታጠጣው አደረገች። የቀረውን ጠዋትና ማታ፣ ቢሻለውም ሳታቋርጪ አለቻት፣ እናቲቱም መልሳ እንድትነግራት ጠየቀቻት። "ከነገ ወዲያ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ከከፋው ሌሊትም ቢሆን ላኩብኝ።" ከዚያ የልጁን ክንድ በጥብጣቡ ለካች። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቢጫ ነው። ስለ ገንፎው፣ ቅቤና እንቁላል ስለ መጨመር ማውራት ጀመሩ፣ ወሬው ወደ ዶሮዎቹ ሄደ፣ ከዶሮዎቹ ወደ ገበያ። ስትወጣ ሽንት ቤቱን ዞር ብላ አየች። ከበሩ የተንጠለጠለው የተበሳ ጀሪካን ውኃ የለውም። የቤቱን ትልቅ ልጅ ጠርታ "ይህንን የምትሞላው አንተ ነህ፤ ኃላፊነቱ የአንተ ነው" አለችው። አለቃ በመሆኑ ደስ ብሎት ሮጠ።

እንዲህ ያለ ቤት በቀን ብዙ ነው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያንን መድኃኒት መስጠት መጀመሪያ ተከልክላ ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሳንባ ምች ያለበት ልጅ ስታገኝ ሥራዋ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ፣ አባት ማሳ ላይ፣ ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ሳይሄዱ ይቀራሉ። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነው እጇ የተፈታው። ወባ ግን ቀደም ብሎ ነበር፤ ጣት ወግታ በፈጣን መመርመሪያ አይታ ኮአርተም ትሰጣለች፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሚሊዮኖች የተከፋፈለውን አጎበር በየቤቱ አልጋው ላይ በእጇ ሰቅላ አሳይታለች። የወሊድ መቆጣጠሪያውን መርፌ፣ ዴፖን፣ ትወጋለች፣ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖንም ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትቀብራለች። 96 ሰዓት ተምሮ የተማረውን በቤቱ የፈጸመ ቤተሰብ ሞዴል ተብሎ ይመረቃል፣ የምታስመርቀው እሷ ናት።

አሁን ቁጥሩን ስሙ። ከ1,000 ልጅ 166 የነበረው ሞት በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67፣ በ2011 ዓ.ም. 59 ሆነ። ከባለትዳር ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 8 ነበሩ፣ በ2011 ዓ.ም. 41 ደረሱ። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ተነሥተው 48 ሆኑ። ሁሉንም እነዚህ ሴቶች ብቻ አደረጉት አልልም። መንገድ ተሠራ፣ ጤና ጣቢያ በዛ፣ ሴቶች ተማሩ፣ ዝናብ የሰጠባቸው ዓመታት ነበሩ። ግን መንገዱ ያለ ጠሪ እናቲቱን ጤና ጣቢያ አያደርሳትም። ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ሠርተው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ ቡና አፍልተው ሲጠብቁ፣ የቃሬዛ ተሸካሚ ጎረምሶችን ቀድማ ያስመዘገበችውና የመውለጃ ወሯን ቆጥራ ያስታወሰችው ያችው ደጅ ያንኳኳችው ልጅ ናት።

ከዚህ በኋላ ግን ዕቅድ አውጪዎቹ ከተማሩት ተመልሰው የዘነጉት አንድ ነገር አለ፣ ልለፈው አልችልም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተቋቋመ። አንዲት ሞዴል እናት አምስት ጎረቤቶቿን ትይዛለች፣ አንድ ለአምስት። ሐሳቡ ኤክስቴንሽኗን ለማገዝ ነበር፣ ብዙ ቦታም በእርግጥ አገዘ፤ ነፍሰ ጡር መኖሯን ቀድማ የምታውቀው ጎረቤት ናትና። ግን እነዚህ ሚሊዮን ሴቶች አንድ ሳንቲም አልተከፈላቸውም። የ1970ዎቹ ጤና ወኪል በምን እንደተሰናከለ ማን ጠየቀ? ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ልጅ የምታዝል ሴት ነጻ ጊዜ አላት ተብሎ ታሰበ። በዚያ ላይ አንድ ለአምስት የፖለቲካ መዋቅርም ሆኖ ሲያገለግል ስለነበር ሰው በጥርጣሬ ያየው ጀመር። ቀስ በቀስ በየቦታው ላላ።

ደመወዝተኛዋም ብትሆን ቀላል አልነበረላትም። ፓኬጁ በየጊዜው ይጨመራል፤ ዘመቻ ሲኖር ዘመቻ፣ ስብሰባ ሲኖር ስብሰባ፣ ሪፖርት በየሳምንቱ። ተመድባ ስትመጣ 20 ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ አግብታ ወለደች፣ ባሏ ሌላ ወረዳ ነው፣ ዝውውር ጠየቀች፣ አልሆነም። የራሷን ልጅ አዝላ የሰው ልጅ ትከትባለች። አንዳንዱ ጤና ኬላ ውኃም መብራትም የለውም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ወቀሳው የእሷ ነው፤ ቤቱ ድረስ ሄዳ ያሳመነችው ሰው መጥቶ ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ያጣው መድኃኒት ብቻ አይደለም፣ በእሷ ላይ ያለውን እምነትም ያጣል። በሰሜኑ ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንቱ ጤና ኬላ ተዘርፎ፣ በሩ ተነቅሎ ቀረ።

በ2012 ዓ.ም. የ15 ዓመት ፍኖተ ካርታ ወጣ። ከጤና ጣቢያ የራቁ ጤና ኬላዎች ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ፣ ከኤክስቴንሽኖቹ ጎን ነርስና አዋላጅ እንዲመደብላቸው ይላል። ጥሩ ነው። አዋላጇ የምታስፈልግበት ምክንያት ደግሞ ከዚያው ከሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ውስጥ ይገኛል። የትልልቆቹ ልጆች ሞት መውረዱን ሲቀጥል፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት አራስ ሕፃናት ቁጥር ግን ከ2008 ዓ.ም. በኋላ አልወረደም። በ2008 ዓ.ም. ከ1,000 29፣ በ2011 ዓ.ም. 33። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ ትንፋሽ ያጠረው፣ ከተወለደ በኋላ የተመረዘ። እነዚህን አጎበርም ሽንት ቤትም አያድናቸውም፤ ሌሊት የሚደርስ ሰው ይፈልጋሉ።

እስቲ አንዱን ብቻ ላሳያችሁ። አራስ ልጅ ሲመረዝ፣ ጡት እምቢ ሲል፣ ሰውነቱ ሲግል ወይም ሲቀዘቅዝ፣ ቤተሰቡም ሆስፒታል መሄድ አልችልም ካለ፣ ኤክስቴንሽኗ ራሷ እንድታክመው ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዶላታል። ሕክምናው የሚዋጥ አሞክሲሲሊንና በቀን አንድ የጄንታማይሲን መርፌ ነው፣ ለ7 ቀን። ሰባት ቀን ማለት እሑድንም ይጨምራል፣ ዝናብ የጣለበትንም ቀን ይጨምራል፣ ወረዳ ስብሰባ የተጠራበትንም። ያ ቤት ወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል። የቀሩት 499 ቤቶችም በዚያ ሳምንት አይዘጉም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የወረዳው በጀት በሰኔ ይዘጋል፣ በሐምሌ ይከፈታል። የጤና ኬላው ቆርቆሮ፣ የመድኃኒቱ ማመላለሻ፣ የኤክስቴንሽኗ የደረጃ 4 ትምህርት፣ ለሌሊት ጥሪ የሚሆን በቅሎ ወይም ሞተር ሳይክል የሚጻፈው እዚያ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። "ሌላስ ጥያቄ ያለው?" ሲባል ተነሡና "የጤና ኬላችን መርፌ ለስንት ወር ይበቃል? ኤክስቴንሽኗ ስትወልድ ማን ይተካታል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባም ከዚያው ከቃለ ጉባኤው ላይ ጀምሩ።